«መጣ?» «አልመጣም!»፦ የዲሽ መመሪያ ገዝቼ ጣሪያ ላይ የዋልኩበት ጉዳይ

መመሪያዋን ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በ80 ብር ነው የገዛኋት። 24 ገጽ ነች፣ በስቴፕለር የተመታች። የጻፋት ሰው ዲሽ መሥራት እንጀራው አይደለም፣ ሱሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቆርቆሮ ላይ ወጥተው ሳተላይት ሲያሳድዱ ከሚውሉት አንዱ ነው። ለጀማሪ ብሎ ስለጻፋት እኔም ጀማሪ ነኝ ብዬ ገዛሁ፣ ሦስት ቅዳሜ ሞከርኳት፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የወደድኩላት ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። ሪሲቨሩን ከሶኬት ሳትነቅል ኬብል አትንካ ይላል። ይህንንማ ማንም ይላል። ይሄኛው ግን ለምን እንደሆነ ጻፈው። ለካ በዚያች ቀጭን ኬብል ምስል ብቻ አይደለም የሚወርደው፣ መብራትም ይወጣባታል! ሪሲቨሩ ወደ ኤልኤንቢው (ዲሹ ክንድ ጫፍ ላይ ያለችው ሲግናል ተቀባይ) 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል፤ 13 ሲሆን ቪ (የቆመውን ሞገድ)፣ 18 ሲሆን ኤች (የተጋደመውን) ይቀበላል። የመሃሉ ሽቦ ከውጪው መረብ ጋር ከተነካካ ሾርት ያደርግና ሪሲቨሩን ሊጎዳው ይችላል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ማንም ሳይቆጣኝ ራሴ ሮጬ ነው የምነቅለው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን 17ኛው ገጽ ነው። እዚያ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ሳይሆን ሳይሠራ ሲቀር ምን እንደምታዩ ነው የተጻፈው። ሪሲቨሩ ላይ ሁለት መስመር አለ፣ ኢንቴንሲቲ (ጥንካሬ) እና ኳሊቲ (ጥራት)። የመጀመሪያ ቅዳሜ ኢንቴንሲቲው 80 ሲል እልል ልል ምንም አልቀረኝም፣ እህቴን ከታች «መጣ?» እላታለሁ፣ እሷ «አልመጣም!» ትላለች፣ እኔ ደግሞ እንዴት አልመጣም 80 ነው እኮ እያልኩ እሟገታለሁ። ለካ ያ ቁጥር በአብዛኛው የሚነግረን ኤልኤንቢው መብራት ማግኘቱን ነው። ዲሹን ወደ ጎረቤት ግድግዳ ብታዞሩትም ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል። መታየት ያለበት ኳሊቲው ነው። አንድ ሙሉ ከሰዓት ያቃጠለኝን ነገር ሰውዬው በአራት መስመር ጨርሶታል። እሱም አንድ ቀን እንደኔ የተሞኘ ሰው መሆን አለበት፣ ያለዚያ እንዲህ አይጻፍም።

ስለ ከፍታውም ጥሩ አድርጎ ጽፏል። ከጎንደር ናይልሳት ከአድማስ ወደ 37 ዲግሪ ከፍ ብሎ ነው ያለው፤ ኢትዮሳት ያለበት ኤንኤስኤስ 12 የተባለው ሳተላይት ደግሞ ወደ 63 ዲግሪ፣ አናት ላይ ሊሆን ምንም አይቀረው። ግን ክንዱ ከሥር የሚወጣ ዲሽ ፊቱን ካዞረበት ሃያ ምናምን ዲግሪ ወደ ላይ ነው የሚያየው። ስለዚህ ለናይልሳት ስታስተካክሉት ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ትንሽ ብቻ ወደ ኋላ የተጋደመ ነው የሚመስለው። ጀማሪ ሁሉ ሰማይ ሰማይ አስመልክቶት ባዶ ቦታ ይፈልጋል። እኔም ፈልጌያለሁ። ደግሞ በየጣት ስፋት እያንቀሳቀሳችሁ አምስት ቁጠሩ ይላል፣ ሪሲቨሩ ሲግናሉን ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋልና። ቶሎ ቶሎ ካዞራችሁት አልፋችሁት ትሄዳላችሁ። ቡሎኑን እስከ መጨረሻው የምታጠብቁትም ኳሊቲው ከተገኘ በኋላ ነው፣ ስታጠብቁ ደግሞ ይንሸራተታልና ዓይናችሁን ከቁጥሩ እንዳትነቅሉ።

አሁን ወደ ሚያናድደው።

የኤልኤንቢው ሥዕል ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ከሌላ አገር መመሪያ የተገለበጠ ይመስለኛል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ ሳተላይቱ ደግሞ ርቆ ወደ ጎን ነው ያለው፣ ስለዚህ ኤልኤንቢውን በደንብ ማዞር ያስፈልጋል፣ ለናይልሳት ከጎንደር 70 ዲግሪ አካባቢ። ሥዕሉን አምኜ ቀጥ አድርጌ አሰርኩት። ኳሊቲ ዜሮ። አንድ ጓደኛዬ መጥቶ ኤች የተባለውን ቪ አድርገው አለኝ፣ አደረግሁት፣ መጣ! ለካ በጣም ከመዛነፉ የተነሳ ኤች እና ቪ ቦታ ተለዋውጠውብኛል። ኤልኤንቢውን አዙረን ካስተካከልን በኋላ ነው ሁሉም ወደ ቦታው የተመለሰው። አንድ ሥዕል እንዲህ ያስለፋል።

ከዚያ 22ኬ የምትባለው ነገር፣ ሪሲቨሩ ኤልኤንቢውን የላይኛውን ወይም የታችኛውን ፍሪኩዌንሲ ተቀበል የሚልባት ምልክት። መመሪያው «እንደተለመደው አስተካክል» ብሎ ያልፋታል። ማን ነው የለመደው? ለለመደ ሰው መመሪያ ምን ያደርግለታል? ነገሩ ከባድ እኮ አይደለም፤ ፍሪኩዌንሲው ከ11700 በላይ ሲሆን ትበራለች፣ በታች ሲሆን ትጠፋለች፣ የኤልኤንቢውን ዓይነት 9750/10600 ካደረጋችሁት ደግሞ ሪሲቨሩ ራሱ ይጨርሰዋል። ሁለት መስመር ነበር።

የመጨረሻዎቹ አራት ገጾች የፍሪኩዌንሲ ዝርዝር ናቸው፣ ቀን ግን የላቸውም። ፍሪኩዌንሲ ይቀየራል፣ ቻናል ይዘጋል፣ ይዛወራል። ከሞከርኳቸው ውስጥ ሦስቱ አልሠሩም፣ እኔ ደግሞ ጥፋቱ የኔ መስሎኝ በደንብ የታሰረውን ዲሽ ፈታሁት! ወርና ዓመት ቢጻፍ እኮ ቢያንስ እጠረጥር ነበር። ክረምት ላይ ዶፍ ሲወርድ ምስል ሊቆራረጥ እንደሚችል፣ ያኔ ዲሽ መነካካት እንደማያስፈልግም አንድ ቃል የለም። ስለ ጣሪያም እንደዚያው፣ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ እንዳትወጡ የሚል እንኳ አጣሁ። የስልክ ኮምፓስ ብረት አጠገብ እንደሚሳሳት ግን ጽፏል፣ ከቆርቆሮውና ከምሰሶው ራቅ ብላችሁ ለኩ ብሎ፣ እሱን አልክድም።

አቅጣጫ ሲነግር ደግሞ ለናይልሳት ወደ አዘዞ (ከፒያሳ በስተደቡብ ያለው ሰፈር) ዙርና ከዚያ ወደ ቀኝ ይላል። ፒያሳ ላለ ሰው ይሠራል። አዘዞ ያለው ሰውዬስ ወዴት ይዙር?

ያም ሆኖ 80 ብሩ አላንገበገበኝም። ዲሽ ሠሪ ብጠራ ከዚያ በላይ ይጠይቀኛል፣ ደግሞም ሠርቶ ይሄዳል እንጂ አያስረዳኝም። ሌላ ቅጂ ገዝቼ አዘዞ ላለው የአክስቴ ልጅ ልሰጠው ነው። 9ኛው ገጽ ላይ ያለውን «አዘዞ» በእስክሪብቶ ሰርዤ «ፀሐይ መግቢያን እይ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ግራ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ሥዕሉ ላይም ኤልኤንቢውን አዙሬ ሣልኩት፣ እጄ ሥዕል ላይ ደካማ ስለሆነ ድንች ቢመስልም።