«ሙሉ ኮሌክሽን ነው» ሲሏችሁ ቆም በሉ

ቴሌግራም ላይ «የኤልደር ስክሮልስ ጌሞች በሙሉ፣ ከነማስፋፊያቸው» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ይቺን ሳታነቡ ብር እንዳትልኩ። ኤልደር ስክሮልስ ተከታታይ የኮምፒውተር ጌም ነው፤ ማስፋፊያ ደግሞ በዋናው ጌም ላይ የሚጨመር ታሪክ ነው። እኔ ልኬ ነው የተማርኩት። 1,500 ለጌሞቹ፣ 300 ደግሞ ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ አሁን ስናገረው ራሱ ያሳፍረኛል።

መነሻዬ ከተከታታዩ አንዱ የሆነው ኦብሊቪየን ነበር። በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. አዲሱ ሪማስተርድ፣ ማለትም የታደሰው ዕትም፣ ሲወጣ መጫወት አማረኝ። ግን 125 ጊጋ ገደማ ቦታ ይፈልጋል። ያንን በሞባይል ዳታ ማውረድ አይታሰብም። በዶላር የሚከፍል ካርድም የለኝም። ስለዚህ እንደ ብዙዎቻችን ሃርድ ዲስኬን ይዤ ማስታወቂያውን የለጠፈው ልጅ ጋ ላስጭን ሄድኩ። አዎ፣ ኮፒ ነው፤ እኔም ንጹህ ነኝ አላልኩም።

«ሪማስተርዱም አለ?» አልኩት ልጁን።

«ሁሉም አለ ብሮ። ከአሬና እስከ ስካይሪም። ዓመት ሙሉ ከቤት አትወጣም።»

ሃርድ ዲስኩን ሰጥቼው ማዶ ካለው ካፌ ማኪያቶ አዘዝኩ። ስኳሩን አማስዬ ሳልጨርስ ደወለ። «አለቀ፣ ና ውሰድ» አለኝ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። አምስት ጌም፣ ያውም አንዱ 125 ጊጋ፣ በአስር ደቂቃ አይገለበጥም።

ቤት ገብቼ «ኦብሊቪየን ሪማስተርድ» የሚለውን ፎልደር ሳየው 6 ጊጋ አይሞላም። ከፈትኩት። ያው የ2006ቱ ጌም፣ ያው የተቀቀለ ድንች የመሰለ ፊት። ልጁ የቀየረው የፎልደሩን ስም ብቻ ነው።

ለእናንተ እንዲቀላችሁ፣ ሳትከፍሉ እዚያው ቆማችሁ አስከፍቱና ገጸ ባህሪው በአንድ ቁልፍ ፍጥነት ጨምሮ ይሮጥ እንደሆነ እዩ። በድሮው እንዲህ ያለ ሩጫ የለም፤ በአዲሱ አለ። ሌላው ሌቭል አወጣጡ ነው። ሪማስተርዱ ሌቭል ስትወጡ 12 ነጥብ ይሰጣችሁና ለጉልበት፣ ለጽናት፣ ለፈለጋችሁት ታከፋፍላላችሁ። በድሮው ግን ሂሳብ አለ። ጉልበታችሁ በአምስት እንዲጨምር ከጉልበት ጋር የተያያዙ ክህሎቶችን በዚያ ሌቭል ውስጥ አስር ጊዜ ማሳደግ ነበረባችሁ። እኔ ያኔ ደብተር ይዤ ነበር የምጫወተው። የሒሳብ አስተማሪዬ ቢያዩኝ ደስ ይላቸው ነበር።

ወደ 300 ብሯ ልምጣ። ልጁ «የተሠራ ካራክተር» የሚባል ነገርም ይሸጣል። «ከዜሮ ከምትለፋ ሌቭል 50 የደረሰ አለኝ» አለኝ። የኦብሊቪየንም የስካይሪምም ሴቭ፣ ማለትም እሱ ተጫውቶ ያስቀመጠውን ፋይል፣ ጨመረልኝ። ሥራ ስለሚበዛብኝ ጥሩ ሐሳብ መሰለኝ።

የስካይሪሙን ከፈትኩ። መጀመሪያ ነገር፣ ይህ ሴቭ የሚፈልጋቸው ፋይሎች እዚህ የሉም የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። ለካ ልጁ ራሱ በሞድ፣ ማለትም ተጫዋቾች ሠርተው በሚጨምሩት ፋይል፣ ሲጫወትበት የነበረ ነው። እሺ ብዬ ቀጠልኩ። ቢልዱ፣ ማለትም የካራክተሩ የክህሎት ምርጫ፣ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ተደብቆ ቀስት የሚወረውር። ስካይሪም ላይ አስማተኛ ሆናችሁም ጀምሩ ጎራዴ ይዛችሁ፣ መጨረሻችሁ ድንጋይ ሥር ተንበርክኮ ቀስት መወርወር ነው፤ ለዚያ 300 ብር አይከፈልም። ዋናው ጠላት፣ ዘንዶው አልዱዊን፣ ሞቷል። ዋናው ታሪክ አልቋል። ይሄንንም እሺ ልበል። የዓለም ጉሮሮ የሚባለው ተራራ ላይ ስወጣ ግን ፓርተርናክስ የለም። ልጁ ገድሎታል!

ለማያውቁት፣ ፓርተርናክስ ከክፋቱ ተመልሶ ለብዙ ዘመን በዝምታ የኖረ ሽማግሌ ዘንዶ ነው። ብሌድስ የሚባሉት ዘንዶ አዳኞች ግደለው ይሏችኋል። መግደል አለመግደል የእናንተ ፋንታ ነው። በዚህ ጌም ውስጥ ከዚህ የከበደ ጥያቄ ብዙ የለም። እኔ ሳልጠየቅ ተመለሰልኝ፤ የሱ ተከታይ የሆኑት መነኮሳት፣ ግሬይቢርዶችም አኩርፈው ጠበቁኝ።

የኦብሊቪየኑ ደግሞ ባሰ። ሌቭሉ ከፍ ብሏል፤ ጉልበቱ ግን የጀማሪ ነው። ልጁ ያገኘውን ክህሎት እየነካካ ሌቭል ብቻ ሲወጣ ነበር። የ2006ቱ ኦብሊቪየን ደግሞ እናንተ ሌቭል በወጣችሁ ቁጥር ጠላቱም አብሮ ይወጣል። መንገድ ላይ አንድ ሽፍታ አስቆመኝ። ከላይ እስከ ታች የመስታወት ጥሩር ለብሷል፤ ዋጋው ብዙ ሺህ ወርቅ ነው። የሚጠይቀኝ ግን 100 ወርቅ። ሳቄ መጣ። «አልሰጥም» አልኩት፤ በሦስት ምት ጣለኝ። በሦስተኛው ሙከራ 100 ወርቁን ሰጥቼ አለፍኩ። ዋናው ታሪክ እዚህም ስላለቀ የኦብሊቪየን በሮች ሁሉ ተዘግተዋል። በሮቹ ከተዘጉ ከውስጣቸው የሚወሰዱት ሲጂል ድንጋዮችም የሉም። መሣሪያዬን በእነሱ ላጠናክር ብል ከየት አምጥቼ?

እንግዲህ «ከነማስፋፊያቸው» የተባለውን ልፈትሽ ብዬ ተነሳሁ። ከኦብሊቪየን በፊት የወጣው ሞሮዊንድ ላይ መፈተኛው ቀላል ነው፤ ትተኛላችሁ። ትራይቢዩናል የሚባለው ማስፋፊያ ካለ፣ ገና ጀማሪ ሆናችሁ እንኳ በተኛችሁበት ጥቁር የለበሰ ገዳይ ይመጣባችኋል። ገዳይ ከመጣ ዕቃው ትክክል ነው። እኔ ሌሊቱን ሙሉ፣ በማግስቱም፣ በሳልስቱም በሰላም ተኛሁ። እንደዚያ በሰላም በመተኛቴ ተናድጄ አላውቅም።

ስካይሪም ላይ ዊንድሄልም ወደብ ውረዱ። ወደ ሶልስታይም የሚሄድ መርከብ ካለ ድራጎንቦርን የሚባለው ማስፋፊያ ተጭኗል ማለት ነው። የኔው ላይ የሚያሻግረኝ የለም። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ሶልስታይም የሞሮዊንድ ማስፋፊያ በሆነው በብለድሙንም ውስጥ ያለች ደሴት ናት። ያኔ ሬቨን ሮክ የምትባለውን የማዕድን መንደር ከመሠረቷ ስትቆም አይታችኋል፤ በድራጎንቦርን ከ200 ዓመት በላይ ቆይታችሁ አመድ ለብሳ ታገኟታላችሁ። ትራይቢዩናልና ድራጎንቦርን ከሌሉ «ሙሉ» የሚለው ቃል ምን ይሠራል? ደግሞ ቢልድ ያበላሸ ሰው፣ የድራጎንቦርንን ታሪክ ሲጨርስ በዘንዶ ነፍስ እየከፈለ ክህሎቱን ማስተካከል ይችላል። ያ የኔን ቀስተኛ ባዳነልኝ ነበር።

በጣም ያናደደኝን መጨረሻ አስቀረሁት። ልጁ ዝርዝሩ ላይ አሬናንና ዳገርፎልን «ብርቅዬ» ብሎ ከሌሎቹ አስበልጦ ነው የተመናቸው፤ 400 ብር። የ1994ቱን አሬናንና የ1996ቱን ዳገርፎልን አሳታሚው ቤተስዳ ራሱ ከለቀቃቸው ቆይቷል። ስቲም ላይ ከ2022 ጀምሮ በነጻ አሉ። ካርድ አይጠይቅም። መጠናቸውም ትንሽ ነው፤ ለዛሬ ዳታ እንኳ አይከብድም። በነጻ የሚታደል ነገር ነው የገዛሁት።

ከውጭ ዘመድ ካላችሁና በሕጋዊ መንገድ የምታስገዙ ከሆነም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ታሪኩን ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ የ2016ቱ የስካይሪም ስፔሻል ኤዲሽን ሦስቱንም ማስፋፊያዎች ይዟል፤ ቅናሽም ይደረግበታል። በ2021 የመጣው አኒቨርሰሪ ኤዲሽን በዚያ ላይ የተጨማሪ ዕቃና ተልዕኮ ጥቅል የሚጨምር ነው። ለጀማሪ ግድ አይደለም። የኦብሊቪየን ሪማስተርድም ተራው ዕትም ሺቨሪንግ አይልስና ናይትስ ኦፍ ዘ ናይን የሚባሉትን ማስፋፊያዎች ይዟል። በውዱ ዕትም ከሚጨመሩት አንዱ የፈረስ ጥሩር ነው። በ2006 ያንን ጥሩር በ2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሲሸጡ ዓለም እንዳልሳቀባቸው!

ልጁን ደውዬ ነበር። «ቫይረስ ገብቶበት ይሆናል» አለኝ። ሁለተኛ ስደውል ብሎክ ተደርጌያለሁ። አሁን በሌላ ስም መጥቷል። የዝርዝሩ ፎቶ ያው ነው፤ ሞሮዊንድ የሚለውን «ሞርውንድ» ብሎ የጻፈበት። ዋጋው ብቻ 2,500 ገብቷል።