ለድሬ በረንዳ መጋረጃ፦ አቡጀዲ ወይስ ሸራ?

ድሬ ላይ በረንዳ ትርፍ ቦታ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ፍራሽ ተዘርግቶ ወሬ የሚደራበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ በሙቀቱ ወራት ደግሞ ማታ የሚተኛበት ነው። መጋረጃው ቢያምር ጥሩ ነው፤ ከሁሉ በፊት ግን ንፋስ ማሳለፍ አለበት። በዚህ ሚዛን እኔ ያለማመንታት አቡጀዲን እመርጣለሁ።

አቡጀዲ ጥጥ ነው፣ አየር አይከለክልም። ሙቀቱ ሲበረታ ውሃ ረጨት ብታደርጉበት፣ ውሃው ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ የሚያልፈው ንፋስ ቀዝቀዝ ይላል፤ አየሩ ደረቅ ሲሆን በተለይ። ከመስፋታችሁ በፊት እጠቡት፤ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ያጥራል። ጨርቁንም አትሰስቱ። 3 ሜትር ለሚሰፋ በረንዳ ከ4.5 እስከ 6 ሜትር ካልገባ እጥፋት አይኖረውም፣ እንደተወጠረ አንሶላ ይቀራል። ከወለሉ 5 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል፣ አቧራና እርጥበት እንዳይስብ። የታችኛው ጠርዝ ውስጥ ጠጠር ከተሰፋበት ንፋስ አያንከራትተውም። ነጣ ብሎ ከታያችሁ ከአሮጌ ሽርጥ ወይም ድሪያ ቆርጣችሁ ጥለት ቀጥሉበት፤ ውበቱ እዚያ ላይ ነው።

የፕላስቲክ ሸራ ዝናብ ይመልሳል፣ ብልጫው ይኸው ነው። ንፋሱን ያግዳል፣ ሙቀት ያምቃል፣ ፀሐይ ሲደጋግመው ደርቆ ይሰነጠቃል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በሚገርፈው ጎን ብቻ፣ ተጠቅልሎ የሚወጣና የሚወርድ አድርጋችሁ ስቀሉት። በቀረው በኩል ሽቦ ወጥራችሁ አቡጀዲውን በቀለበት አንጠልጥሉ፤ ለማጠብ ማውረዱ ይቀላል።