ደሴ ያሠራነው ክብ የምግብ ጠረጴዛ

ሾውሩም ውስጥ የምናየው ረጅሙ ባለ አራት ማዕዘን ጠረጴዛ ለእኛ አበላል አልተሠራም። ትሪው መሐል ላይ ይቀመጣል፣ ጫፍ ላይ ያለው ሰው አይደርስበትም፣ ከዚያ ለየብቻ ሳህን ይታደልና ጉርሻውም ይቀራል። እኛ የፈለግነው እንደ መሶብ ዙሪያውን ከበን፣ ግን ወንበር ላይ ሆነን የምንበላበት ነበር።

ያሠራነው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ካለ እንጨት ቤት ነው። ባለሙያው ጠና ያሉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ካርቶን ላይ ስለው አሳዩን። ፊቱ 120 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው፤ ከጠርዝ እስከ መሐል 60 ስለሚሆን የሁሉም እጅ ይደርሳል። ቁመቱ 75። ከሥሩ አራት እግር የለም፤ ወገቡ ቀጠን ብሎ ወደ ታች የሚሰፋ አንድ እግር ብቻ ነው፣ መሶብ ቁጭ! ሰው ጠርዙን ሲደገፍ እንዳይገለበጥ ታችኛውን ሰፋና ከበድ አድርገውታል። ቅርጻ ቅርጹ ጠርዙ ላይ ብቻ ነው፣ የቀረው ልሙጥ። አማቴ ፊቱም ይቀረጽ ብለው ነበር። «ወጥ ሲገባበት በምን ያወጡታል እትዬ?» አሏቸው፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

እንጨቱ ዋንዛ ነው። ለመላግ ገር ነው፣ ቫርኒሽ ሲነካው ደግሞ ቡናማ ወዝ ያወጣል። ዋንዛ ከመንግሥት ደን መቁረጥ ክልክል ስለሆነ ከየት እንደመጣ ጠይቁ፤ የእኛ ከገበሬ ማሳ የተቆረጠ ነው።

በጣም የወደድኩት ግን የማይታየውን ሥራ ነው። ቤታችን ኮምቦልቻ ነው፣ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ አየሩ ይለወጣል፣ እንጨትም ይሰማዋል። ሰውዬው ፊቱን ከእግሩ ጋር በኮላ አልለጠፉትም። በብሎን አሰሩት፣ የብሎኑን ቀዳዳ ግን ሞላላ አድርገው በሱት፤ ጣውላው በክረምት ሲያብጥ በበጋ ሲኮማተር የሚንቀሳቀስበት ቦታ አለው፣ አይሰነጠቅም። ይህን የሚያውቅ አናጺ ብዙ አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ ቅሬታው። ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም። ቀብዱን ከተቀበሉ በኋላ አንዴ መብራት ጠፋ፣ አንዴ ልጁ ቀረ፣ ብቻ «ነገ» ነው። ደግሞ የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ብለን ተስማምተን ስንሄድ ጠረጴዛው እንደ መስታወት ያበራል! በብርጭቆ ወረቀት አስፍቀን እንደገና አስቀባን፣ ተጨማሪ ሳይጠይቁ ሠሩልን፣ ይሄን አልክድም። ዋጋውም ከሾውሩሙ አይረክስም፤ በርካሽ ይገኛል ብላችሁ እንዳትሄዱ።

ወንበሩን ግን ሌላ ቦታ ብታሠሩ ይሻላል። እሳቸው የሚሠሩት ወንበር መደገፊያው ቀጥ ያለ ነው፣ ምሳ በልቶ ቡና እስኪፈላ የሚቀመጥበት ሰው ወገቡን ይዞ ነው የሚነሳው። አቦል ላይ ያልተነሳ ደግሞ እስከ በረካ ይቸገራል።