«ክብደቱን አታዪም?» ብሎ ችፑድ ሸጠልኝ

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። ትናንት ከሰዓት 85,000 ብር ከፍዬ የምግብ ጠረጴዛ ከ6 ወንበር ጋር ገዛሁ። የድሮ ዋንዛ ነው፣ የጃንሆይ ዘመን ሥራ ነው ተብዬ። ሱቁን ባታውቁት እንኳ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። «ባለቤቶቹ ከአገር ሊወጡ ነው።» «ጠዋት አንድ ሰውዬ ቀብድ ሊያስይዝ ነበር።» «ለአንቺ ስል ነው።»

ወንበሮቹ እውነተኛ ናቸው። ያዘናጋኝም እሱ ነው። ሻጩ የጠረጴዛውን እግር በቁልፍ ጫር አድርጎ አሳየኝ። ከቫርኒሹ ሥር ቡናማው እንጨት ብቅ አለ። «ዛሬ ዋንዛ ከየት ይገኛል?» አለኝ። ይህም ውሸት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች አንዱ ዋንዛ ነው፤ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር።

ገልብጠን እንየው አልኩት። «ክብደቱን አታዪም እንዴ? እስቲ አንሺው!» አለኝ። ጫፉን ይዤ ሞከርኩ። ንቅንቅ አላለም። «ዋንዛ እንዲህ ነው፣ የኔ እናት።» አመንኩትና ከፈልኩ።

ቤቴ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው። 2ኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ጠረጴዛው አልዞር ሲል ተሸካሚዎቹ ገለበጡት። እኔ ወንበር ይዤ ከኋላቸው ነበርኩ። ሆዱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጥቁር ቡናማ ቀለም ተለቅልቋል። እግሮቹ በብረት ማዕዘንና በብሎን ተይዘዋል። አንዱ ብሎን ላልቶ ዙሪያው ተፈርፍሯል፤ ፍርፋሪው ደረጃው ላይ ረገፈ። በኮላ የተጋገረ ሰጋቱራ። አንደኛው ልጅ በጣቱ ነካ አደረገውና ቀና ብሎ አየኝ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ ችፑድ ነው» አለኝ። ቀስ ብሎ ነው ያለኝ፣ አዝኖልኝ። ወንበሩን አስቀምጬ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ማታ ሰፈራችን ያለ አናጢ መጥቶ አየው። እግሩ ዋንዛ ነው። ላዩ ግን ችፑድ ላይ የተለጠፈ ስስ የእንጨት ልጣጭ ነው። ወፍራም ሳንቃ እንዲመስል ዳር ዳሩን ብቻ በእውነተኛ እንጨት ከፍፈውታል።

የሚያንገበግበኝ ክብደቱ ነው። ዋንዛ ጠንካራ ነው እንጂ ከባድ እንጨት አይደለም። የሚከብደው ችፑዱ ነው። አናጢው ይህን ሲነግረኝ አፈርኩ፤ እኔ ማንም ሳይነግረኝ ማወቅ ነበረብኝ። አባቴ ቤት የዋንዛ ጠረጴዛ ነበረን። በዓል ሲመጣ እኔና ወንድሜ ተሸክመን ግቢ እናወጣው ነበር። እኔ 9 ዓመቴ ነው፣ እሱ 11። ሁለት ልጆች ያነሱት የነበረውን እንጨት እያወቅኩ፣ «ከብዷል» ብዬ 85,000 ብር ቆጠርኩ።

ዛሬ ጠዋት ተመልሼ ሄድኩ። ሰውየው «የለም» ተባለ። አንዷ ሠራተኛ ከስልኳ ቀና ሳትል «ዕቃ ከወጣ አይመለስም» አለችኝ። ደረሰኙን አወጣሁ። «ጠረጴዛና ወንበር» ነው የሚለው። «ታዲያ ዋንዛ የሚል የታለ?» አለች። ከዚያ ወደ ጓደኛዋ ዞረች። እዚያው ቆሜ እየሰማኋት፣ «በዚህ ብር ሙሉ ዋንዛ ፈልጋ ነው እኮ» አለቻት። ተሳሳቁብኝ። ሙሉ የዋንዛ ጠረጴዛ ስንት እንደሚያወጣ እነሱ ያውቃሉ። እኔ አንድም አናጢ ሳልጠይቅ ነው የገባሁት።

እባካችሁ ሳትገለብጡ አትግዙ። አይገለበጥም ካሏችሁ ውጡ። ሳንቃ ከሆነ ከላይ የምታዩት የእንጨት መስመር ከሥሩም አለ፤ ሥሩ ቀለም ከተቀባ ጠርጥሩ። ደረሰኙ ላይም «ሙሉ ዋንዛ» ብለው ይጻፉላችሁ።

ጠረጴዛው አሁንም 2ኛው ፎቅ ላይ እንደተገለበጠ ነው። ጎረቤቶቼ ግድግዳ እየታከኩ ያልፋሉ። ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ፤ ግን ቤቴ ላስገባው አልቻልኩም።