የወርቅ ማሽን ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ የጎንደሩን ጋሼን አማክሩ

ይህ ጽሑፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ምስጋናው ጎንደር አራዳ አካባቢ በጠባብ ሱቅ ሬዲዮ፣ ቴፕና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ ለኖሩ፣ አሁን ደግሞ የወርቅ መፈለጊያ ማሽን ለሚፈትሹና ለሚጠግኑ ባለሙያ ነው። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ ስለማይወዱ፣ ደንበኞቻቸው እንደሚጠሯቸው ጋሼ እንላቸዋለን። ጥቆማው ደግሞ በማኅበር ተደራጅታችሁ፣ ገንዘብ አዋጥታችሁ ማሽን ልትገዙ ላሰባችሁ ነው፤ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት እሳቸው ዘንድ ጎራ በሉ። ጋሼ ማሽን አይሸጡም፤ የትኛውን ብትገዙ የሚደርሳቸው ኮሚሽን የለም።

"የትኛው ይሻላል?" ብሎ የገባውን ሰው ያስቀምጡትና እሳቸው ይጠይቁታል። መሬታችሁ ምን ዓይነት ነው? ሲታጠብ የሚወጣው ወርቅ ምን ያህላል? መሬቱ ላይ ምን ዓይነት ብረት ወድቋል? አፈር በፌስታል ቋጥሮ የመጣ ሰው ደግሞ በጣም ደስ ያሰኛቸዋል። እፍኝ አፈር ወረቀት ላይ ይበትኑና ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት በወረቀቱ ሥር ያመላልሳሉ። ጥቁሩ አሸዋ ማግኔቱን ተከትሎ እንደ ጉንዳን ከተሰለፈ መሬቱ የብረት ማዕድን የበዛበት ነው። የማሽኑ ምርጫ ግማሹ እዚያው ወረቀት ላይ አለቀ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ገበያ ላይ ያሉት የወርቅ ማሽኖች በአሠራራቸው በሁለት ይከፈላሉ። ቪኤልኤፍ የሚባለው ሞገድ ሳያቋርጥ እየላከ የሚመለሰውን ያዳምጣል። ፍሪኩዌንሲው ከፍ ባለ ቁጥር ለደቃቅ ወርቅ ንቁ ይሆናል፤ ጎልድ ሞንስተር 1000 በ45 ኪሎኸርዝ፣ ፊሸር ጎልድ በግ 2 በ71 ኪሎኸርዝ የሚሠሩት ለዚህ ነው። ድክመቱ የመሬቱን ብረት ማዕድንም አብሮ ማዳመጡ ነው። ቀይ አፈርና ጥቁር ድንጋይ ላይ ይንጫጫል፤ ሴንሲቲቪቲውን (የማዳመጥ ንቃቱን) ዝቅ ስታደርጉት ዝም ይላል፣ ግን ወርቁንም ዝም ብሎ ያልፈዋል። ፐልስ ኢንዳክሽን፣ በአጭሩ ፒአይ፣ ኃይለኛ ምት ይልክና ያቋርጣል፤ የሚያዳምጠው ካቋረጠ በኋላ ነው። የመሬቱ ምላሽ ቶሎ ስለሚሞት የብረታ ብረቱ ምላሽ ተለይቶ ይሰማል። እነ ጂፒኤክስ 5000፣ ኤስዲሲ 2300 እና ጂፒኤክስ 6000 እዚህ ወገን ናቸው። የእነዚህ ድክመት ሚስማርን ከወርቅ በደንብ አለመለየታቸው ነው። በፒአይ የሚሠራ ሰው የጮኸውን ሁሉ ይቆፍራል፤ ይህን ትዕግሥት የሌለው ባይገዛው ይሻለዋል።

ጋሼ ለሙከራ ሰውን ከከተማው ዳር ወዳለ ባዶ ሜዳ የሚልኩትም ለዚህ ነው። ጎንደር የተቀመጠችው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ እሳተ ገሞራ በተጋገረ ባዛልት ላይ ነው። ባዛልቱ ማግኔታይት (ማግኔት የሚስበው የብረት ማዕድን) ስላለው ማሽን ይፈትናል እንጂ ወርቅ አይሰጥም። ወርቁ የሚገኘው ከባዛልቱ በብዙ እጥፍ በሚያረጀው፣ በመተከል፣ በአሶሳና በኩርሙክ በኩል በሚገለጠው ዐለት ውስጥ ነው፤ በደቡብም አዶላና ሻኪሶ እንደዚያው። እዚህ ባዛልት ላይ ፀጥ ብሎ የሠራ ማሽን እዚያ አያሳፍርም። ሻጩ ሲሚንቶ ወለል ላይ ያሳያችሁ ማሽን ግን ገና አልተፈተነም።

ሁለተኛው ጥያቄ የወርቁ መጠን ነው፤ ብዙ ሰው የሚከስረውም እዚህ ላይ ነው። ከወንዛችሁ ሲታጠብ የሚወጣው እንደ ዱቄት የደቀቀ ከሆነ ጋሼ "ማሽን አትግዙ" ይላሉ፣ አለቀ። ዱቄቱ ተሰብስቦ ግማሽ ግራም ቢሆንም ማሽኑ የሚሰማው እያንዳንዷን ቅንጣት ለብቻዋ ስለሆነ አንዷንም አይሰማም። ለዚህ ማጠቢያ ሳፋ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት ሳንቃና የውኃ ፓምፕ ይበቃል። የስንዴ ቅንጣት ወይም የሽምብራ ፍሬ የሚያክል የሚወጣ ከሆነ ግን ማሽን ዋጋ አለው።

ኮይልም፣ ማለትም መሬቱን የሚዳስሰው የማሽኑ ክብ ጫፍ፣ እንደዚሁ በመጠን ይመረጣል። ትንሽ ኮይል ትንሹን ወርቅ ከቅርብ ይይዛል፤ ትልቅ ኮይል ትልቁን ከጥልቅ። ትልቅ ኮይል ሁሉን ነገር በጥልቀት ያገኛል የሚለው ወሬ ስህተት ነው፤ ባለ 15 ኢንች ኮይል ባለ 8 ኢንቹ የሚጮኽባትን ደቃቅ ፍሬ ዘሎ ሊያልፋት ይችላል። ሞኖ ኮይል (በአንድ ጥቅልል የሚልከውም የሚቀበለውም) በጥልቀት ይበልጣል፣ በብረታማ መሬት ግን ይረብሻል። ዲዲ ኮይል (ሁለት የተደራረቡ ጥቅልሎች ያሉት) ትንሽ ጥልቀት ይቀንስና ፀጥታ ይሰጣል። አንድ ኮይል ብቻ የመግዛት አቅም ላለው ማኅበር የጋሼ ምክር ባለ 11 ኢንች ነው፤ ወንዝ ዳር ድንጋይ ለድንጋይ ለሚገባ ደግሞ ከዚያ ያነሰ።

አሁን ወደ አስመስሎ የተሠራው ዕቃ። የእነ ጂፒኤክስ አምራች ሚንላብ ራሱ ሐሰተኛ ማሽኖቹ በአፍሪካ ገበያ እንደሚዘዋወሩ ሲያስጠነቅቅ ኖሯል፤ በብዛት ከሚመሰሉት አንዱም ጂፒኤክስ 5000 ነው። ሐሰተኛው ይበራል፣ ስክሪን አለው፣ ቁልፍ ስታስጠጉለት ይጮኻል። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ በሳንቲም የሚደረግ ትርኢት ምንም አያረጋግጥም። ጋሼ የሚያደርጉት እንዲህ ነው። መጀመሪያ የኮይሉን መሰኪያ ያያሉ፤ እውነተኛው ባለ አምስት እግር መሰኪያ ሳይወዛወዝ ገብቶ በቀለበቱ ይጠብቃል፤ ሐሰተኛው ብዙ ጊዜ ይላላል፣ ሲነካም ይንጫረራል። ከዚያ ሲሪያል ቁጥሩን አንብበው ከአምራቹ ጋር ያመሳክራሉ፤ አንድ ቁጥር በብዙ ማሽን ላይ ሊገለበጥ ስለሚችል ግን በዚህ ብቻ አያምኑም። በመጨረሻ ማሽኑን ባዛልቱ ላይ ያወጡታል። ኮይሉን ከመሬት አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ከፍና ዝቅ እያደረጉ ግራውንድ ባላንስ ያስይዙታል፤ እውነተኛው ከጥቂት ምልልስ በኋላ መሬቱን ለምዶ ወጥ ድምፅ ይይዛል። ታይሚንጉን (ምቱ የሚላክበትንና የሚደመጥበትን ጊዜ ቅንብር) ከኖርማል ወደ ኢንሃንስ ሲለውጡት የመሬቱ ጫጫታ መለወጥ አለበት፤ ካልተለወጠ ሜኑው ለጌጥ የተቀመጠ ነው።

ቀጥሎ የእርሳስ ሙከራ ይመጣል። እርሳስ ለማሽን ከወርቅ ጋር የሚቀራረብ ድምፅ ስለሚሰጥ፣ በጌጣጌጥ ሚዛን የተመዘኑ የ0.2፣ የ0.5 እና የ1 ግራም እርሳሶች በፕላስቲክ ካርድ ላይ ተለጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ አሉ። ካርዱን አፈር ውስጥ ይቀብሩና ማሽኑ የቱን በስንት ሴንቲሜትር እንደሰማ በብዕር ይጽፋሉ። ወረቀቱን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ከሻጭ ጋር ስትከራከሩ ከዚህ የተሻለ ጠበቃ የለም። አንድ ነገር አስተውሉ፤ አዲስ የተቀበረ ነገር አፈሩ ስለተናጋ በማሽኑ ላይ የተለየ ውጤት ሊያሳይ ይችላል፣ ቁጥሩ ማሽን ከማሽን ለማወዳደር እንጂ ለተስፋ አይደለም።

ሁለት ዘንግ ያለው፣ "ከ500 ሜትር ርቀት ወርቅ ይጠቁማል" የሚባለው አንቴና ነገርስ? ጋሼ ውስጡን ከፍተው ያሳዩዋችኋል፤ የሚያዳምጠው አንዳች ነገር የለውም። ዘንጉን የሚያዞረው የያዘው ሰው እጅ ነው። ሌላ ማለት አያስፈልግም።

ጥገናቸው ደግሞ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። ማሽን "ተበላሸ" ተብሎ ሲመጣ በብዛት የሚያገኙት ኮይሉ ውስጥ በሚገባበት ቦታ የተቆረጠ ኬብል ነው፤ ሰው ማሽኑን በኬብሉ ስለሚጎትተው። መልቲሜትራቸውን በትንሹ ኦም (የሽቦ ተቃውሞ መለኪያ) ላይ ያደርጉና መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች አገናኝተው የሽቦዎቹን የራሳቸውን ንባብ ይይዛሉ፣ ከዚያ ይቀንሱታል። የጂፒኤክስ ሞኖ ኮይል ደህና ከሆነ ከ1 ኦም በታች ያነብባል። ኬብሉን ሲያጎነብሱት ንባቡ ከዘለለ ስብራቱ ተገኘ። ኬብሉን ቆርጠው፣ ሽፋኑን ሳያቃጥሉ በዝቅተኛ ሙቀት በይደው፣ ውኃ እንዳይገባው በኢፖክሲ ይዘጉታል። የቪኤልኤፍ ኮይል መሬት ወድቆ ውስጡ ከተሰነጠቀ ግን "አይሆንም" ብለው ይመልሳሉ። ላኪና ተቀባይ ጥቅልሎቹ በፋብሪካ በሚሊሜትር ተመጣጥነው የተደፈኑ ስለሆኑ አንዴ ከተነቃነቁ በእጅ አይመለሱም። ያልሠሩበትን አያስከፍሉም።

ባትሪም ሁለተኛው ችግር ነው። ሁለት ሴል ያለው የ7.4 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ሞልቶ 8.4 ቮልት ማንበብ አለበት፤ ሞልቶም 7.6 ላይ ከቀረ አንዱ ሴል ሞቷል። ገበያ ላይ 9900 ሚሊአምፒርአወር (ሴሉ የሚይዘው የኃይል መጠን) ተብሎ የተጻፈበት 18650 የሚባል ሴል እንዳይሸውዳችሁ፤ በዚያ መጠን ያለ ጥሩ ሴል ከ3500 እስከ 4000 አካባቢ ነው ጣሪያው። ጋሼ ሴል ሲቀይሩ ሁለቱንም አንድ ላይ ይቀይራሉ፤ አሮጌና አዲስ ተጣምሮ አንዱ ሌላውን ይገድለዋል።

ገንዘብ የማይጠይቅ ብልሽትም አለ። ማሽኑ ያለ ምክንያት ይጮኻል ብለው ከሚመጡት ብዙዎቹ ችግራቸው ከኮይሉ ሥር ባለው የፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ የታጨቀ ጥቁር አሸዋ ነው። አውልቃችሁ በውኃ እጠቡት፣ አድርቁት፣ መልሱት። ሌላው ስልክ ነው፤ ኪስ ውስጥ ያለውን ስልክ አጥፉ። ከመብራት ኃይል መስመር ሥር አትፈትኑ። አውቶ ቱን (ማሽኑ ከአካባቢው ረብሻ ራሱን የሚያጠራበት ቁልፍ) ስትጫኑ ኮይሉ እስኪጨርስ አይነቃነቅ። ብረት አፍንጫ ያለው ጫማና ትልቅ ዘለበት ያለው ቀበቶም አብረው ይጮኻሉ።

ስለ አጠቃቀሙ አጭር ነገር፤ ኮይሉ መሬቱን እስኪልስ ዝቅ ይበል፣ ከግራ ወደ ቀኝ አንዱ ምልልስ ሦስት አራት ሰከንድ ይፍጅ፣ ቀጣዩ ምልልስ የፊተኛውን ግማሽ ይደግም። በፒአይ የሮጠ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። በተለይ ጦርነት ባለፈባቸው ቦታዎች ሰፊና ኃይለኛ ድምፅ ከመጣ በዶማ አትምቱት፤ ያልፈነዳ ጥይት ወይም ፈንጂ ሊሆን ይችላል። ምልክት አድርጉና ለሚመለከተው አካል አሳውቁ።

ሳናመሰግናቸው የማናልፈው ሌላም አለ። ጎንደር ከተማ ሆኖ "የነገሥታቱ ወርቅ" የሚል ወሬ አይጠፋም፤ ፋሲል ግቢ፣ ቁስቋም፣ ጉዛራ እየተባለ ማሽን እንዲያስተካክሉላቸው የሚጠይቋቸው አሉ። ጋሼ እንደዚህ ያለውን ሰው ማሽኑን አሸክመው ይመልሱታል። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ ቁፋሮን ይከለክላል፤ ፋሲል ግቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የወርቅ ሥራው ራሱም በማዕድን አዋጅ 678/2002 መሠረት የባህላዊ አምራችነት ፈቃድ ይፈልጋል። ማኅበር ከሆናችሁ ፈቃዱ ቀድሞ ይውጣ፣ ማሽኑ ይከተል።

እሳቸው ዘንድ ስትሄዱ ማሽኑን ከነኮይሉ፣ ከነቻርጀሩና ከነማዳመጫው አምጡ፤ ባትሪው ማታ ሞልቶ ይደር፣ ሱቃቸው ላይ መብራት ሲጠፋ ሙከራው እንዳይቋረጥ። ከመሬታችሁ አንድ ኪሎ ያህል አፈርና ሁለት ሦስት ጥቋቁር ድንጋይ በፌስታል ያዙ። የሜዳው ሙከራ ጠዋት ነው የሚካሄደው፣ ከ3 ሰዓት በፊት ድረሱ። እሑድና በዓል አይሠሩም። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን፤ ስልክ ከመስጠታችን በፊት እሳቸውን እናስፈቅዳለን።