ሬኔሳንስ ዋክስ ለጥንት የጃፓን ሰይፍ ናካጎ ይሆናል?

አጭሩ መልስ፦ ሬኔሳንስ ዋክስ የተባለው ሰም ጥሩ ነው፤ አብዛኛው ናካጎ ግን አይፈልገውም።

ናካጎ የሚባለው እጀታው ውስጥ ተሰክቶ የሚቀረው የሰይፉ ጭራ ነው። ሆን ተብሎ ሳይወለወል ስለሚተው በዘመናት ብዛት ጥቁር ዝገት ያለብሰዋል። ይህ ዝገት ጥቅጥቅ ያለና የረጋ በመሆኑ ከሥሩ ያለውን ብረት ይጠብቃል። ከዚያም በላይ ማስረጃ ነው፤ ቀለሙ፣ የሞረዱ ዱካ (ያሱሪሜ) እና የአንጥረኛው ፊርማ (ሜይ) አንድ ላይ ታይተው ሰይፉ የየትኛው ዘመንና የማን ሥራ እንደሆነ ይገመታል። በ1948 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የቶኪዮው የሰይፍ ጥበቃ ማኅበር መርማሪዎችም ትኩር ብለው የሚያዩት እሱኑ ነው። በብረት ሱፍ፣ በኮምጣጤ ወይም በዝገት ማስለቀቂያ የተፈገፈገ ናካጎ ዋጋው ይወድቃል፤ የጠፋውን ቀለም የሚመልስ መድኃኒት የለም።

ሬኔሳንስ ዋክስ በ1950ዎቹ በብሪቲሽ ሙዚየም ቤተ ሙከራ ለቅርስ ጥበቃ የተቀመመ ሰም ነው። እንደ አኳራጅ ባለ ፈሳሽ የሟሟ ስለሆነ ሲቀባ ይለሰልሳል፤ ፈሳሹ ሲተን ስስና ደረቅ ሽፋን ይቀራል። ብረት የሚበላ አሲድ የለውም፤ ካልተፈለገም በአኳራጅ ይነሳል።

ከባህላዊው የቾጂ ዘይት የሚሻለው በዚህ ድርቀቱ ነው። ቾጂ ዛሬ በአብዛኛው ጥቂት ቅርንፉድ ጠብ ያለበት የማዕድን ዘይት ሲሆን ለስለቱ ግሩም ነው። ናካጎው ላይ ሲበዛ ግን የእጀታው እንጨት ይጠጣዋል፤ እንጨቱ ይጠቁራል፣ አቧራ ይይዛል፣ እያደርም ይደክማል። ዘይት የሚመርጥ ሰው በጨርቅ አስነክቶ ደረቅ እስኪመስል ድረስ መልሶ ይጥረገው። ከዘይቱ ጋር በአንድ ሳጥን የሚሸጠው የኡቺኮ ዱቄት ግን የተፈጨ መሳያ ድንጋይ ስለሆነ ናካጎ አጠገብ አይደርስም።

ሰሙ ዋጋ የሚያወጣው እርጥበት በሚበዛበት አካባቢ ወይም ሰይፉ ያለ እጀታ ለእይታ ሲቀመጥ ነው። እጀታውን የሚይዘው የቀርከሃ ችንካር (ሜኩጊ) ወደ አንድ ጫፍ ስለሚቀጥን ከቀጭኑ ወገን ተመትቶ ይወጣል። ጓንት ይደረጋል፤ የጣት ላብ ጨው ስላለው አዲስ ዝገት ይጀምራል። ከዚያ ናካጎው በደረቅ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይታበሳል።

እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም። ጨርቁ ላይ ብርቱካንማ ዱቄት ከወጣ ዝገቱ ገና እየሠራ ነው፤ ሰም ቢቀባበት እርጥበቱን ከሥር አፍኖ ያስቀምጠዋል፣ ብረቱም ሽፋኑ ሥር መበላቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ቀዩ ቦታ ብቻ በጠብታ ዘይት ርሶ ለጥቂት ሰዓታት ይቆያል፤ ያበጠው ዝገት በቀርከሃ ስንጥር ቀስ ተብሎ ይነሳል፣ ጥቁሩ ግን አይነካም። ጨርቁ ብርቱካንማ መያዙን እስኪተው ድረስ ይደገማል፤ በመጨረሻም የቀረው ዘይት በ99 በመቶ ኢሶፕሮፒል አልኮል ተጠርጎ ናካጎው በደንብ ይደርቃል። ቀዩ ዝገት ፊርማው ውስጥ ከገባ ሥራው ሰይፍ በመሳልና በመወልወል የሠለጠነ ባለሙያ ነው፤ ቤት ውስጥ አይሞከርም።

ለአንድ ናካጎ የሩዝ ፍሬ የምታክል ሰም ትበቃለች። በጨርቅ ስስ ተደርጋ ትቀባና ጥቂት ደቂቃ ቆይታ በንጹሕ ጨርቅ ትወለወላለች። የተለመደው ስሕተት አብዝቶ መቀባት ነው፤ ትርፉ በፊርማው ቅርጽና በሞረዱ ዱካ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይደርቃል። ሳይጠነክር በለስላሳ ብሩሽ ማውጣት ይቻላል፤ ከጠነከረ አኳራጅ ያስፈልጋል። ሌላው ጉድለቱ ማብለጭለጩ ነው። የሚያብረቀርቅ ናካጎ ያየ ገዢ ቀለሙ በሰው እጅ የተሠራ እንዳይሆን ይጠረጥራል፣ ጥርጣሬውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሰይፉ ለምርመራ ወይም ለሽያጭ ሊወጣ ከሆነ አስቀድሞ ሰሙን ማንሳት ይሻላል።

ለስለቱ አንመክረውም፤ ሃሞን የሚባለውን፣ ስለቱ በእሳትና በውሃ ሲጠነክር የሚወጣውን መስመር ያደበዝዛል።

በ65 እና በ200 ሚሊ ሊትር ጣሳ ይሸጣል። ጥቂት ሰይፍ ላለው ሰው ትንሹ ለዓመታት ይበቃዋል፤ ክዳኑ በደንብ ካልተገጠመ ግን ፈሳሹ ተኖ ሰሙ ጣሳው ውስጥ ይጠነክራል።