ትሎቻችን ሲያልቁብን የደረሰችልን ባለሙያ

ይህን የምጽፈው አንዲት የግብርና ባለሙያ ለማመስገን ነው። «ስሜ እንዳይነሳ» ስላለችኝ «እህታችን» እያልኩ ልቀጥል።

የትል ማዳበሪያ፣ ማለትም ትሎች እበትና ገለባ በልተው የሚያወጡትን ማዳበሪያ፣ ማዘጋጀት ስንጀምር መጀመሪያ ያሠለጠኑን ሰዎች ቀይ ትሎቹን አስረክበውን ሄዱ። እኛም ሳጥኑን ትኩስ እበት ሞላነውና ትሎቹን ከላይ ለቀቅናቸው። በሦስተኛው ቀን ብዙዎቹ ሞተዋል። የተረፉት በሳጥኑ ግድግዳ ላይ እየተሳቡ ለመውጣት ይታገላሉ። መንደርተኛው «ይሄ ነገር ለኛ አይሆንም» ብሎ ሊተወው ነበር።

እህታችን የደረሰችው ያኔ ነው። ምንም ሳትናገር እጇን እበቱ ውስጥ ከተተች። ከዚያ «እስቲ ንኩት» አለችን። ይፋጃል! ትኩስ እበት ሲብላላ ይግላል። ቀይ ትል ደግሞ የሚስማማው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። እበቱን ከገለባ ጋር ቀላቅለን፣ ከሳጥኑ ውጪ እያገላበጥን፣ 2 ሳምንት ያህል እንድናበርደው አደረገችን። ፀረ አረም የተረጨበት ገለባ ግን እንዳይገባ አጥብቃ አስጠነቀቀችን።

እርጥበቱን ያስተማረችን በእጃችን ነው። አንድ ጭብጥ አንስታችሁ ጭመቁት። ጠብ ጠብ ካለ ልክ ነው። ከፈሰሰ ውሃው በዝቷል፤ ምንም ካልወጣው ደርቋል። ትል የሚተነፍሰው በቆዳው ስለሆነ ድርቀቱም ጭቃውም ይገድለዋል። ጥላ፣ ክዳን፣ ከዶሮና ከጉንዳን መጠበቅ፣ ይህንንም አሳየችን።

እኔን የነካኝ ግን መመላለሷ ነው። በየሳምንቱ እየመጣች ሳጥኑን ከፍታ ታያለች፣ ትጠይቃለች፣ የኛንም ሐሳብ ትሰማለች። በ3 ወር ገደማ ጥቁር፣ ፍርክስክስ ያለ፣ ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት ማዳበሪያ አወጣን። አዲሱን ምግብ በአንድ ጎን ብቻ ስናደርግ ትሎቹ ወደዚያ ሄዱልን፤ ሌላውን ጎን ሰበሰብን።

ሐቀኛም ናት። «የማሳችሁን ሁሉ ባንዴ ይሸፍናል» ብላ አላታለለችንም። በአንድ የአትክልት መደብ ጀምሩ፣ አጠገቡ ማዳበሪያ ያልገባበት መደብ ይኑርና ልዩነቱን ራሳችሁ እዩ አለችን። አየነው። ትሎቹም ተራብተው ለጎረቤቶቻችን አካፈልን።

በገጠር ተደራጅታችሁ ያለ ኬሚካል ለማምረት ያሰባችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አስፈቅጃት አገናኛችኋለሁ። እህታችን፣ እጅሽ ይባረክ።